ጭረቱ ሰማያዊ ነው

የልጅ ልጄ ሥራ የያዘች ሰሞን ጎረቤቶቼ «ምን ሥራ ነው?» ሲሉኝ «የመንግሥት» እልና ወሬውን ወደ ጤና አዞረው ነበር። ምን ልበላቸው? እኔስ መቼ ገባኝ! መሥሪያ ቤቱ የዓርማ ጽሕፈት ቤት ይባላል። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ደረጃው ሲረግጡት የሚያቃስት አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ሁሉ ጋሻ ነው፤ የብረት ወይም የቆዳ ጋሻ ሳይሆን በወረቀት የተሣለ፣ አንዱ አንበሳ ያለበት፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ዓሣ።

«ንጉሡ የወረደው እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው» አልኳት። «መሳፍንቱም የሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ ጋሻ ለማን ነው የምትመዘግቡት?»

«ለሁሉም ሰው ነዋ እማማ። ድሮ ዓርማ የጌቶች ነበር። አሁን ከተማም፣ ትምህርት ቤትም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ያስመዘግባሉ። አንቺም ከፈለግሽ ትችያለሽ።»

«እኔ ምን አለኝና?»

«ሁለት መነጽር። አንዱ ግንባር ላይ፣ አንዱ አፍንጫ ላይ። ከሥሩ ደግሞ ‹ደረስሽ ወይ?› የሚል ጽሑፍ።»

ሳቀችብኝ። ትሳቅ። እናቷ ካረፈች ጀምሮ እኔ ጋ ናት፣ አንድ ፍሬ ናት፤ ደረስሽ ወይ ብዬ ባልደውል ማን ይደውልላት? ደግሞ የምሰጋው በመንገድ ብቻ አይደለም። ልጅቷ ምላሷን መያዝ አታውቅም። ከሕትመት ቤቱ የወጣችው አለቃዋን በሰው ፊት «ይሄ ስሕተት ነው» ብላ ነው። ከሙዚየሙ የወጣችውም በዚያው ነው፤ እንግዳ እያስጎበኘች «ይህ ዕቃ የጥንት አይደለም» አለቻ! አሁን ይህን ሦስተኛውን ስታገኝ የሙከራ ጊዜ ሰጧት። ሙከራውን ካለፈች ቋሚ ናት። ካላለፈች ግን በዚህች ከተማ ስለ አሮጌ ነገር የሚጠይቅ ሌላ ቢሮ የለም። እኔ ደግሞ ለዘላለም አልኖርላትም።

አለቃዋን ሠራተኞቹ ጋሻ ጃግሬ ይሏቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጋሻ ኋላ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ። እሷ ግን ትወዳቸዋለች። «አንድ ጋሻ ፊት ቆመው ግማሽ ቀን ዝም ይላሉ» ትለኛለች፤ ይህ እንደ ሙያ ሆኖ።

አንድ ቀን እራት ላይ ሳለን ሰሃኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ወረቀት ዘረጋች። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የታሸ ጥቁርማ ነገር አለ። ድንጋይ ላይ ወረቀት አልብሳ፣ በእርሳስ ጎን አሽታ ያነሳችው ቅርጽ ነው። ጋሻ ነው፤ ከታች ድልድይ፣ ከላይ ሜዳውን የሞላ ጭረት።

«እዪ እማማ፤ ድንጋይ ቀለም የለውም አይደል? በሰም የሚታተም ማኅተምም እንዲሁ ቀለም የለውም። ስለዚህ የድሮ ቀራጮች ቀለሙን በጭረት ይናገሩ ነበር። ጭረቱ ቁልቁል ከወረደ ቀይ ነው። አግድም ከተኛ ሰማያዊ። ነጠብጣብ ከሆነ ወርቅ። ባዶ ከሆነ ነጭ። ይህን የሚያውቅ ሰው ግራጫ ድንጋይ አይቶ ባለ ቀለም ባንዲራ ያያል።»

ይህ ነገር እንዴት እንደያዘኝ አልነግራችሁም። በማግስቱ ገበያ ስወጣ ዓይኔ ጭረት ብቻ ሆነ። የጎረቤታችን የብረት አጥር ቁልቁል ነው፤ ቀይ። የሱቁ ተጠቅላይ በር አግድም ነው፤ ሰማያዊ። ደረጃችን ሰማያዊ። ነጠብጣብ ያለበት የራስ መሸፈኛዬ ወርቅ። የባለቤቴ ፎቶ ላይ ያለውን መስመሩ ቁልቁል የወረደ ሸሚዝ አይቼ «አንተ፣ ለካ ቀይ ለብሰህ ነው የተነሳኸው» አልኩት። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ እንዲህ የሚጥም ነገር ግን ማንም አላስተማረኝም።

የድንጋዩ ነገር እንዲህ ነው። ከኛ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ያላት አንዲት ትንሽ ከተማ ዓርማ ልታስመዘግብ ፈለገች። ድልድይ እንዲሆን ሁሉም ተስማማ፤ ድልድያቸው ዝነኛ ነው። ጠቡ በመደቡ፣ ማለት ከድልድዩ ኋላ ባለው ሜዳ ቀለም ነው። የኳስ ቡድኑ ሰብሳቢ፣ የምክር ቤት አባልም ነው፣ «የቡድናችን ማሊያ ቀይ ነው፣ ቀይ ይሁን» አለ። ሌሎቹ «ከተማው ያንተ ማሊያ ነው እንዴ?» አሉት። ተሰዳድበው ስብሰባ በተኑ። ከንቲባዋ ሲጨንቃት ወደ ዓርማ ጽሕፈት ቤት ጻፈች፤ ጽሕፈት ቤቱም የኔዋን ላከ። እሷም ሄዳ፣ የዱሮው ጌታ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ድንጋይ አሽታ መጣች። ጭረቱ አግድም ነው። ሰማያዊ! ጋሻ ጃግሬ ወረቀቱን አይተው ፈረሙ። ለከተማዋም «በጥንቱ ድንጋይ ላይ እንደተነበበው መደቡ ሰማያዊ፣ ድልድዩ ነጭ ነው» የሚል መልስ ሄደ። የኳስ ቡድኑ ሰብሳቢ ድንጋይን ማን ይከራከራል ብሎ አፉን ዘጋ። ባንዲራው ተሰፋ።

የቀረው ምክር ቤቱ እጅ አውጥቶ እንዲያጸድቀው ነበር። ጋሻ ጃግሬም ይገኛሉ። «ይሄ ካለቀ ሙከራዬ አለቀ ማለት ነው» አለችኝና «እማማ፣ ነይ አብረሽኝ፤ ሥራዬን አንድ ቀን እዪ» አለች። እኔም ሹራብ፣ ጃንጥላ፣ የሆድ መድኃኒት፣ ለእሷ ትርፍ ካልሲ ይዤ ተነሳሁ።

ስንደርስ ለስብሰባው ገና ነበር። የጌታው ቤት ዛሬ ገበያ ነው። ቅስቱ ሥር አትክልት፣ ግቢው ውስጥ ዶሮ፣ ኮሪደሩ ላይ ሥጋ። ድንጋዩ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ፣ ደረት በሚሆን ከፍታ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል። ዱሮ ከበሩ አናት ላይ ነበረ አሉ፤ ንጉሡ የወረደ ጊዜ ከላዩ ያለውን ዘውድ በመዶሻ ሰብረው ድንጋዩን ከነድልድዩ መሬት ጣሉት። ኋላ ግድግዳው ሲጠገን ገበያተኛው አንስቶ አሁን ያለበት ቦታ ሸጎጠው።

መነጽሬን ለወጥኩና ተጠጋሁ። ድልድዩ ከድንጋዩ ወጣ ብሎ ይታያል። ከላዩ ያለው ሜዳ ለጥ ያለ ነው፤ ጭረቱም አለ፤ አግድም፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደተማሪ ደብተር። ሰማያዊ ብዬ በራሴ አነበብኩ። ያስተማረችኝ የኔዋ ናት!

«ይቅርታ ማዘር፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ» አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

ነጭ ሽርጥ የለበሰ ባለ ልኳንዳ ነው። ዘወር አልኩለት። ቢላውን ድንጋዩ ላይ አስተኛና ሽው፣ ሽው፣ ሽው አደረገው። ከግራ ወደ ቀኝ። ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረና አንድ ሁለቴ ደገመ።

የኔዋ ፊቷ ነጣ። በእሷ ቋንቋ ባዶ ሜዳ ማለት ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው።

«ቢላ እየሞረድኩ ነዋ እህቴ። ምን እያደረግሁ መሰለሽ?»

«እዚህ ላይ?»

«ታዲያ የት? ይሄን የመሰለ ድንጋይ የለም። አባቴም እዚሁ ነበር የሚሞርደው። አትክልት ሻጮቹም እዚሁ ናቸው። ሴቶቹ ከየቤታቸው ቢላ ይዘው ይመጣሉ። ድልድዩን አንነካውም፣ ስለት ያበላሻል። ሜዳው ላይ ነው።»

«እኔ ስመጣ ማንንም አላየሁ።»

«መቼ መጣሽ?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ ዝግ ነን» አለና ወደ ሥጋው ተመለሰ።

ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ጣቷን ጭረቱ ላይ አስሄደችው፤ ወደ ጥግ ጥግ ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ ስልኳን አውጥታ አበራች። ከዚያ ቀስ ብላ «እማማ፣ ጥጉ ላይ ቢላው የማይደርስበት ቦታ ምንም የለም። ልሙጥ ነው። የቀራጭ ጭረት ቢሆን ጥግ ድረስ ይሄድ ነበር» አለች።

«እና ምን ማለት ነው?»

«ድንጋዩ ቀለም አልተናገረም ማለት ነው። ብዙ ድንጋይ እንዲህ ነው፤ ቅርጹ ብቻ ነው የሚቀረጸው። እኔ የቢላ ጭረት ነው ያነበብኩት። ቢላ!»

ክንዷን ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኳት።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ባንዲራው ተሰፍቷል። ሰዉ ታርቋል። ሰማያዊ ደግሞ ምን ይወጣለታል? ሆድ ይፍጀው በይና ዛሬን እለፊ። ነገ ቋሚ ስትሆኚ ያኔ እንደፈለግሽ ተናገሪ።»

«እማማ!»

«ማን ያውቅብሻል?»

«ከተማው በሙሉ ያውቃል! ቢላውን የሚሞርዱት እነሱ አይደሉ? እኛ ብቻ ነን የማናውቅ። ዝም ያሉት በምን ተመርተን ሰማያዊ እንዳልን ስላልነገርናቸው ነው። ‹በድንጋዩ ላይ እንደተነበበው› ብቻ ነው ያልናቸው። አንድ ቀን አንዱ ‹በየት በኩል ነው የተነበበው?› ብሎ ቢጠይቅስ?»

«ሲጠይቅ ይመለስለታል። እስከዚያ—»

«እስከዚያ እኔ በሐሰት ድንጋይ ቋሚ እሆናለሁ?»

እኔ ግን አልተስማማሁም፤ እስከ ምክር ቤቱ ደረጃ ድረስ ቀሚሷን ይዤ ነው የሄድኩት።

አዳራሹ ውስጥ የእንግዳ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ባንዲራው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ሰማያዊ፣ ያማረ። ጋሻ ጃግሬ ከነኮታቸው ከከንቲባዋ ጎን ተቀምጠዋል። ከንቲባዋ ደስ ብሏት «እንግዲህ ጣጣችን አለቀ፤ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ አጭር ማብራሪያ ትስጠንና እጅ እናውጣ» አለች።

የኔዋ ተነሳች። እኔ ሳልኩ። አላየችኝም። ደግሜ ሳልኩ፤ አንዲት ሴት ውኃ አመጣችልኝ።

«ከማብራሪያዬ በፊት አንድ ስሕተት ማረም አለብኝ» አለች።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ያው የሕትመት ቤቱ ድምፅ ነው። ያው የሙዚየሙ። ሁሉንም ተናገረች፤ ጭረት በዓርማ ጥናት ምን ማለት እንደሆነ፣ እሷ ምን እንዳነበበች፣ ባለ ልኳንዳው ምን ሲያደርግ እንዳየች። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ አዳራሹን ሞላው። የኳስ ቡድኑ ሰብሳቢ ግን አልሳቀም። ጠረጴዛውን መታ።

«ቀይ ስላችሁ ‹ድንጋዩ ሰማያዊ ነው› ብላችሁ አፌን አስዘጋችሁኝ! ለካ ያስዘጋችሁኝ በቢላ ነው!»

«ይቀመጡ» አለች ከንቲባዋ።

«አልቀመጥም! ለአንድ ሳምንት ቡድኑ በሙሉ አኩርፎኛል!»

ሁሉም ወደ ጋሻ ጃግሬ ዞረ። እሳቸው ተነሱ፤ በሩን ከፍተው ወጡ። ልጄን ጥለዋት የሄዱ መሰለኝ። ከንቲባዋ ተከተለቻቸው፣ ምክር ቤቱም ተከተለ፣ እኔም እያለከለክሁ። ሁላችንም ገበያው ኮሪደር ላይ ደረስን።

ሽማግሌው ባለ ልኳንዳውን «እስቲ ሞርድ» አሉት።

«እነዚህ ሁሉ እያዩኝ?»

«ሞርድ።»

ሞረደ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ተመለከቱ፤ ጥጉን በጥፍራቸው ዳሰሱ። ረጅም ጊዜ ነው የቆዩት፤ ዶሮዎቹ እንኳ የሚጠብቁ መሰሉ። ቀና ሲሉ «ልክ ናት» አሉ። «ድንጋዩ ቀለም የለውም። ድልድዩ የድሮ ነው፣ ጭረቱ የናንተ ነው። ነጭ ድልድይ ቀይም ላይ ይታያል፣ ሰማያዊም ላይ። ምርጫው የምክር ቤቱ ነው። ጌታ የለም፤ የሚመርጥላችሁ ማንም የለም።»

«ቀይ!» አለ የኳስ ቡድኑ ሰብሳቢ ወዲያው።

ያኔ አንዲት ጠና ያለች የምክር ቤት አባል፣ ከመመረጧ በፊትም በኋላም አትክልት ሻጭ፣ ሰው ገፍታ ወደ ድንጋዩ ቀረበች። «ቆይ ቆይ፤ እኔ ልጠይቅ። ይሄ ጭረት የኛ ነው አላችሁ። የኔም ቢላ አለበት፣ የእናቴም አለበት። መጽሐፋችሁ አግድም ለተኛ ጭረት ምን ይላል?»

«ሰማያዊ ነው» አለች የኔዋ። «ግን ቀራጩ አስቦበት ከሆነ ነው እትዬ። እናንተ አላሰባችሁበትም።»

«አላሰብንበትም። ስንቱን ነገር አስበንበት ነው የሠራነው? ያ ጌታ የወደደው ቀለም አይጨንቀኝም፤ ይህን ድንጋይ የሞላነው እኛ ነን። ሰማያዊ ከተባለ ሰማያዊ ይሁን። ከኛ ነው።»

ጫጫታ ሆነ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ሥጋው እንደተሰቀለ፣ ከንቲባዋ እጅ አስወጣች። ሰማያዊ ያሉት በረከቱ። የኳስ ቡድኑ ሰብሳቢ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆይቶ፣ «እማዬም ቅዳሜ ቅዳሜ ቢላዋን ይዛ እዚህ ትመጣ ነበር» አለ ለማንም ሳይሆን፤ «እሷን በዚህ ውስጥ ባታስገቡብኝ ጥሩ ነበር።» እጁን አወጣ። «ቡድኑን ግን እናንተው አናግሩልኝ!»

ነገሩ ያለቀ መሰለኝ፤ አላለቀም። ዓርማ ሲመዘገብ ቀለሙ ለምን እንደተመረጠ ምክንያቱ ይጻፋል አሉ። «ምን ብለን እንጻፈው?» አለች ከንቲባዋ።

የኔዋ እንደሁልጊዜው ፈጠነች፤ «እንደሆነው ይጻፍ። ‹መደቡ ሰማያዊ የሆነው የከተማዋ ነዋሪዎች በድንጋዩ ላይ ቢላ ሲሞርዱ ያወጡት ጭረት የሰማያዊ ምልክት ስለሆነ ነው።›»

ጋሻ ጃግሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ምክንያት ተመዝግቦ አላየሁም።»

«የተከለከለ ነው?» አለች ከንቲባዋ።

አሰቡ። እውነትም ዝምታቸው ሙያ ነው፤ ሁላችንንም አስጨነቁን። «የተከለከለ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ማንም አላሰበውም ነው እንጂ። ይጻፍ።»

ሰዉ ሲበተን እኔ አላስቻለኝም። ሄጄ ጋሻ ጃግሬ ፊት ቆምኩ።

«ይቅርታ፣ እኔ አያቷ ነኝ። ልጄን ሊያባርሯት ነው ወይ? ይንገሩኝና ልረፍ።»

«እማማ ኧረ በፈጠረሽ!» አለች ከኋላዬ።

ጋሻ ጃግሬ ዝቅ ብለው አዩኝ። «እትዬ፣ እሷ አይታ ተሳሳተች። እኔ ደግሞ ሳላይ ፈረምኩ። እሷ ከተባረረች እኔን ምን ሊያደርጉኝ ነው?»

«እሱን እርስዎ ያውቁታል። የኔ ጥያቄ ስለ እሷ ነው።»

ሳቁ፤ ጥርስ እንዳላቸው ያኔ ነው ያየሁት። «ሙከራዋን ጨርሳለች። ራሱን የሚያርም ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት። ነገ ቢሮ ስንገባ እፈርማለሁ።»

«ነገ? ዛሬስ ምን ነካው? ሰው ነገን በምን ያውቃል?»

«ወረቀቱ ቢሮ ነው እትዬ።»

«እንግዲያው ቶሎ እንሂድ። አውቶቡሱ ይሞላል፣ መንገዱ ደግሞ ቁልቁለት አለው፣ ሾፌሩም ስንመጣ ስልክ ሲያወራ ነበር» አልኩና ቦርሳዎቹን አንጠለጠልኩ። ቋሚ ሆነች ማለት ነው? አልተፈረመም እኮ። ግን ቃላቸውን ሰጥተዋል። ደስ ይበለኝ አይበለኝ አላወቅሁም።

ዞር ስል ሁለቱም የሉም። ለካ ተመልሰው ድንጋዩ ላይ ተደፍተዋል፤ እሷ በስልኳ ታበራለች፣ እሳቸው አፍንጫቸውን ሊያስነኩት ደርሰዋል።

«እማማ፣ ነይ እዪ! ድልድዩ ሥር፣ ውኃው ሊሆን በሚችልበት ቦታ ነጠብጣብ አለ።»

«ነጠብጣብ ወርቅ ነው አላልሽኝም?»

«ምናልባት። ወይ ደግሞ ዝናብ የበላው ነው።»

ጋሻ ጃግሬ ቀና አሉና ሌላ ነገር ሳይሉ ባለ ልኳንዳውን በእጃቸው ጠሩት። «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ የምን ነጠብጣብ ነው?»

ባለ ልኳንዳው እጁን በሽርጡ ጠርጎ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ራሱን አከከ። «እሱን እንጃ» አለ። «እኔ ስወለድም ነበረ።»

አራተኛ ሆኜ ጎንበስ አልኩ። መነጽሬን ለወጥኩ። ነጠብጣቡ እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቀ ነው፤ አንዳንዱ ተራውን የጠበቀ ይመስላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ የተበተነ። ከወዲያ በኩል አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ሁላችንም ሰማነው። ማንም ቀና አላለም፤ እኔ «ስልኩን ወደዚህ አድርጊልኝ፣ እዚህ ጋ አይታየኝም» አልኳት።